እኔን ቀና ብላ ያላየች ልጄ ለከበሮው እጇን ዘረጋች

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ለረጅም ጊዜ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ልጄ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እስከ ዓመት ተኩሏ ድረስ እንደ እኩዮቿ ነበረች። «እማ» ትለኝ ነበር፤ ማንኪያውን ከእጄ ቀምታ ራሴ ካልበላሁ እያለች ታስቸግረኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያላት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሄደ። መጀመሪያ ቃላቱ ጠፉ፤ ቀጥሎ እጆቿ። አሁን ሁለቱን እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ፣ ውሃ ሳይኖር እንደሚታጠብ ሰው፣ ከነቃችበት ሰዓት ጀምሮ እስክትተኛ ታሻቸዋለች። ከብዙ መንከራተት በኋላ በዘረመል ምርመራ ሬት ሲንድረም መሆኑ ተነገረን። ግራና ቀኝ ከተያዘች ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች። አትናገርም። የሚጥል በሽታም ስላለባት መድኃኒት ትወስዳለች።

በሳምንት ሁለት ቀን ተሃድሶ ማዕከል እወስዳታለሁ፤ ሁለቱንም ቀን ፊዚዮቴራፒ አላት። ከአራት ወር ወዲህ ደግሞ በአንደኛው ቀን ግማሽ ሰዓት የሙዚቃ ሕክምና ተጨመረላት። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ሆኜ ነበር የምጠብቃት። ከሦስት ሳምንት በፊት ቴራፒስቷ «ዛሬ ገብተው ይመልከቱ» አለችኝና ገባሁ።

ሴትዮዋ ጊታር ይዛ ከልጄ ወንበር ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ትንሽ ከበሮ ልጄ ጭን ላይ ነበረች። አንድ አጭር ዜማ ደጋግማ ዘፈነችና አንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ ልትደርስ ስትል አቆመች። ዝም። በጣም ረጅም ዝምታ ነበር። እኔ «በቃ፣ አልገባትም» ብዬ ልነሳ ስል ልጄ እጆቿን ማሸት አቆመች። ቀጥሎ ዓይኗን ከመሬት አንስታ ሴትዮዋን አየቻት፤ ዓይኗ ዝም ብሎ አላለፈም፣ አተኩራ ነው ያየቻት። ከዚያ የቀኝ ክርኗ እየተንቀጠቀጠ ከፍ አለና መዳፏ ከበሮው ላይ አረፈ። ቴራፒስቷ ወዲያው የቀረችውን ዜማ ጨረሰችላት። ልጄ ሳቀች።

እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍልዎትም ነበር። ቀናሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስሟን ስጠራ፣ ስለማመጣት፣ አሻንጉሊት ሳወዛውዝላት ያልሰጠችኝን ዓይን በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለምታገኛት ሴት ሰጠቻት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ቴራፒስቷ የሙዚቃው ሰዓት በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲሆን ትፈልጋለች። ልጄ ቶሎ ስለምትደክም ግን ጊዜው የሚመጣው ከአንደኛው ቀን ፊዚዮቴራፒ ላይ ተቀንሶ ነው። ባለቤቴ በጭራሽ አይሆንም ብሏል። «ዘፈን ልጄን አያስኬዳትም። ጀርባዋ መጉበጥ ጀምሯል፤ ያለንን ጊዜ በጨዋታ አናጥፋው» ይላል። እውነቱን ነው እላለሁ፤ ግን ያቺ የከበሮ ምት ከጆሮዬ አልወጣ አለች። አንዳንድ ሌሊት «በዚህ መንገድ እንደገና እማ ትለኝ ይሆን?» እያልኩ አነጋለሁ። ሲነጋ ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ። ምን ላድርግ? ተስፋዬ ተስፋ ነው ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

ውጭ የምትጠብቀው እናት

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ጨርሼ ተመልሼ አነበብኩት። «ቀናሁ» የምትለው ቃል ላይ ስትደርሺ ብዕሩ ምን ያህል እንደከበደሽ ታየኝ። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር፤ የፊዚዮቴራፒው ጉዳይ ይደርሳል።

እስቲ የልጅሽን አንድ ቀን በእሷ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ፊትሽ ወደ ፊቷ በቀረበ ቁጥር የሚሠራ ነገር አለ። መድኃኒት ይዋጣል፣ አፍ ይጠረጋል፣ ልብስ ይቀየራል፣ የተኮማተረ ጅማት ይሳባል፣ ከወንበር ወደ አልጋ ትዛወራለች። ይህን ሁሉ የምታደርጊው አንቺ ነሽ፤ ባታደርጊው ልጅሽ በሕይወት አትቆይም ነበር። ያቺ ቴራፒስት ግን በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ ስትመጣ በእጇ ያለው ጊታር ብቻ ነው። ከልጅሽ የምትወስደው ነገር የለም፤ የምታስውጣትም የለም። ዓይን ለማግኘት ከአንቺ ይልቅ የቀለላት የተሻለች ሰው ስለሆነች አይደለም። ሌላውን ሸክም ሁሉ አንቺ ስለተሸከምሽላት ነው።

ቅናትሽ ክፉ ነገር አይመስለኝም። ልጅሽ ለሰው መመለስ እንደምትችል በዓይንሽ አየሽ፤ ያን መልስ አንቺም ፈለግሽው። ይኸው ነው። ይህን የማትፈልግ እናት ትኖራለች?

ሁለተኛው ምክንያት ደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ምናልባት ሳታስተውዪው። «በጣም ረጅም ዝምታ ነበር» ብለሻል። «ልነሳ ስል» ብለሻል። ልጅሽ የመለሰችው አንቺ ተስፋ ቆርጠሽ ልትነሺ በነበረበት ቅጽበት ነው። ሬት ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት የተባለውን በመረዳት ብቻ አይደለም። የተረዱትን ወደ እንቅስቃሴ መለወጥ ነው የሚከብዳቸው። ልጅቷ እጄን ላንሳ ትላለች፤ ትእዛዙ ግን መንገድ ላይ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይደርስ ይቀራል። እኛ ደግሞ ስሟን እንጠራለን፤ ሁለት ሰኮንድ ጠብቀን ደግመን እንጠራለን፤ አሻንጉሊቱን እናወዛውዛለን፤ «በይ እንጂ» እንላለን። እያንዳንዱ አዲስ ጥሪ የጀመረችውን መልስ ያቋርጥባታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው መነሳት አለባት። አራት ዓመት ሙሉ ለፍቅር ስትጣደፊ ልጅሽም ስትጣደፍ ኖራ ሊሆን ይችላል፤ አልደረሰችብሽም እንጂ። ቴራፒስቷ ያደረገችው ትልቁ ነገር ዘፈኑ አልነበረም። ማቆሟ ነበር፤ ካቆመችም በኋላ አለመቸኮሏ።

ባለፈው ነገር ራስሽን መውቀስ እንዳትጀምሪ አደራ። አንድ የማልረሳው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ቪየና ውስጥ ዶክተር አንድሪያስ ሬት የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም በራቸው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት እናቶች አዩ። ሁለቱም ሴት ልጅ ታቅፈዋል፤ ሁለቱም ልጆች እጆቻቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ያሻሉ፣ ልክ አንቺ እንደጻፍሽው፣ እንደሚታጠብ ሰው። ሐኪሙ ያዩትን ጽፈው ያሳተሙት በ1966 ነው። ምክንያቱ የሆነው ዘረመል የተገኘው ደግሞ በ1999 ነው። እነዚያ ሁለት እናቶች ልጆቻቸው ምን እንደነካቸው ሳያውቁ ስንት ዓመት «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እንዳሉ አስባለሁ። አንቺ ግን ማወቅ ያለብሽ ይህ ነው፤ ለውጡ በአብዛኛው ልጅ ሲጸነስ እንደ አዲስ የሚከሰት እንጂ ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ አይደለም። በእርግዝናሽ ጊዜ ያደረግሽው ወይም ያላደረግሽው ነገር አላመጣውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ራስሽን እያታለልሽ ነው ወይ?

ለዚህ መጀመሪያ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ እንለይ። ባለቤትሽ «ዘፈን» ሲል በሐሳቡ የሚመጣው ልጅቷ ቁጭ ብላ የምትሰማው ሙዚቃ ከሆነ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሞዛርት መስማት ልጆችን ጎበዝ ያደርጋል የሚለው ወሬ ለምሳሌ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ትንሽ ጥናት ነው፤ የተጠኑት ሕፃናት ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ የታየውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የቆየ ለውጥ ነው። ከቴፕ የሚመጣ ድምፅ ልጅሽን አይጠብቃትም። የሙዚቃ ሕክምና ሌላ ነገር ነው። በ1959 ፖል ኖርዶፍ የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲና ክላይቭ ሮቢንስ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር እንግሊዝ አገር ከባድ የአእምሮ እድገት ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር መሥራት ሲጀምሩ ነገሩን ገለበጡት፤ ልጁ ሙዚቃውን እንዲከተል ሳይሆን ሙዚቃው ልጁን እንዲከተል አደረጉ። ልጁ ቢጮኽ ፒያኖው የጩኸቱን ቃና ይዞ ይመልስለታል። ቢወዛወዝ ምቱ ከውዝዋዜው ጋር ይሄዳል። ያንቺ ልጅ ቴራፒስትም ሳትዘፍን በፊት የልጅሽን ትንፋሽ አዳምጣ ፍጥነቷን ከዚያ እንደወሰደች እገምታለሁ። ጠይቂያት።

እጇ የማይታዘዝላት ልጅ በቀን ውስጥ ሁሉም ነገር የሚደረግላት ወይም የሚደረግባት ናት። እሷ ያደረገችው፣ ዓለምም ያን ተከትሎ የተለወጠበት ቅጽበት በጣም ጥቂት ነው። ከበሮው ላይ ያረፈው መዳፍ ያ ነበር። መታች፤ ዜማው ተከተላት። የሳቀችውም ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ተስፋሽን ለሁለት እንክፈለው። ልጅሽ ከሰው ጋር መነጋገር ትችላለች ብለሽ ተስፋ ብታደርጊ ራስሽን አላታለልሽም፤ ማስረጃውን በዓይንሽ አይተሻል። የሙዚቃ ሕክምና የጠፋውን ቃል ይመልሳል የሚለውን ግን ከእኔ እንዳትጠብቂ። ማንም ይህን ቃል ቢገባልሽ ተጠንቀቂ። ሰፊ ጥናት የተደረገው በአብዛኛው ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ስለሆነ ለልጅሽ ሁኔታ በቀጥታ አይነበብም፤ ቢሆንም ልኩን ለማወቅ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በዘጠኝ አገሮች 364 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት፣ ከአምስት ወር የሙዚቃ ሕክምና በኋላ በኦቲዝም ምልክቶቹ ክብደት ላይ ልዩነት አላገኘም። በ2022 የወጣው ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ግምገማ ደግሞ 1,165 ሰዎችን ያሳተፉ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ በአጠቃላይ መሻሻልና በኑሮ ጥራት ላይ ሳይረዳ እንደማይቀር ጽፏል፤ ንግግር ላይ ግን ግልጽ ለውጥ አላየም። በሬት ሲንድረም ላይ ያሉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። በ2019 ከታይዋን የወጣው አንዱ ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ ነው ያየው፤ በልጆቹ ግንኙነት ላይ መሻሻል አይቷል፣ የወላጆቹም ጭንቀት ቀንሷል። የመጨረሻዋን ነገር ልብ በያት፤ ከልጁ ጋር የገባችውም እናት ከዚያ ክፍል የምትወስደው ነገር አለ።

ሌሊት ሌሊት ለምታስቢው «እማ» ደግሞ ቀስ ብዬ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። በአፏ ባይሆንስ? ዓይኗን ካነሳች፣ አተኩራ ካየች፣ መምረጥ ትችላለች ማለት ነው። ሬት ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ልጆች በዓይናቸው የሚናገሩ ናቸው፤ በሥዕል ሰሌዳ ወይም ዓይን የት እንዳረፈ በሚያነብ ኮምፒውተር ሐሳባቸውን የሚገልጹም አሉ። ቴራፒስቷ በአንድ እጇ ቃጭል በሌላው ከበሮ ይዛ፣ አራርቃ አሳይታ፣ ልጅሽ ያየችውን ብትጫወትላት፣ ለዚያ ሁሉ መንገዱ ተጀመረ ማለት ነው። ሁለት ነገር በዓይን መምረጥ የለመደች ልጅ ነገ የእናቷን ፎቶ መምረጥ ትችል ይሆናል። በጠበቅሽው ድምፅ አይሆን ይሆናል፤ «እማ» ማለት ግን ነው።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ስለ ጀርባዋ ያለው ነገር ትክክል ነው፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። በሬት ሲንድረም የአከርካሪ መጉበጥ በጣም የተለመደ ነው፤ አንዴ የጠፋ የመራመድ ችሎታም በቀላሉ አይመለስም። የፊዚዮቴራፒ ሰዓቷ ባይቀነስ እመርጣለሁ። ነገር ግን ማን ነው ሁለቱን ባላንጣ ያደረጋቸው? በብዙ ተሃድሶ ቦታዎች ሁለቱ ባለሙያዎች አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ልጅ ጋር ይሠራሉ። የሙዚቃ ምት እግርን እንደሚስብ የታወቀ ነው፤ ማይክል ታውት የሚባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በስትሮክና በፓርኪንሰን ታማሚዎች አረማመድ ላይ የሠሩበት ዘዴ በኋላ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ባለባቸው ልጆችም ተሞክሯል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ምቱ መጀመሪያ ልጁ ራሱ ከሚራመድበት ፍጥነት ጋር ይገጥማል፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላል።

ልጅሽ ተይዛ እነዚያን ጥቂት እርምጃዎች ስትራመድ ጊታሩ ከፊቷ ቢሄድስ? ቆማ ክብደቷን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ስታዛውር ከበሮው ቢጠብቃትስ? እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ዝርዝር አለች፤ ለባለቤትሽ ንገሪው። ከበሮው የት ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ፊዚዮቴራፒስቱ ይሁን። በቀኝ ወይስ በግራ፣ በደረት ልክ ወይስ ከዚያ ከፍ ብሎ የሚለው በጀርባዋ ጉብጠት ይወሰናል፤ ለመምታት በተዘረጋች ቁጥር ጎኗ መሳብ ወዳለበት አቅጣጫ ይሳባል። «ዘርጊ» ሲሏት የማትዘረጋውን ክንድ ለከበሮው ልትዘረጋው ትችላለች። ለእጇም እንዲሁ ነው። አንዷን እጇን ሰው ለስለስ አድርጎ ሲይዝላት ሌላዋ ከመታሸት ነፃ ወጥታ ለሥራ ልትዘረጋ ትችላለች፤ ይህም እንዲሞከር ጠይቂ።

ስለዚህ ለማዕከሉ «ሁለተኛውን የሙዚቃ ሰዓት እቀበላለሁ ወይም እምቢ እላለሁ» ብለሽ አትመልሺ። «አንዱን የፊዚዮቴራፒ ሰዓት ሁለቱ አብረው ይሥሩበት» በዪ። የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት እንዳለች ትቀጥል። ማዕከሉ ይህን ማመቻቸት አልችልም ቢል ደግሞ የምመክርሽ ፊዚዮቴራፒውን ሳትነኪ ባለችው አንዲት ግማሽ ሰዓት እንድትቀጥዪ ነው። የምትጎድለውን ቤት ውስጥ በሌላ መንገድ ልትሞያት ትችያለሽ፤ እሷን አሁን እነግርሻለሁ።

ከዚያ በፊት ቴራፒስቷን ብቻዋን አግኝተሽ አነጋግሪያት። በሙዚቃ ሕክምና የሠለጠነች ናት ወይስ ሙዚቃ የምትችል ደግ ሰው? ሁለቱም ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ከበድ ያለ ችግር ላለባት ልጅ ግን ልዩነቱን ማወቅ መብትሽ ነው። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ልጄ ላይ ምን ለማየት ነው የምትሠሪው በያት። «እንድትደሰት» ብቻ ካለችሽ ጠበቅ አድርጊ። «ከዜማው መቆም በኋላ ራሷ የምትመልስባቸው ጊዜያት ከአንድ ወደ ሦስት እንዲደርሱ» የሚል ዓይነት መልስ ከሰጠችሽ የምትሠራውን የምታውቅ ሰው ናት። ካልሠራስ ምን ታደርጊያለሽ ብለሽም ጠይቂ። በሦስት ወሩ መጨረሻ አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ እሷና ፊዚዮቴራፒስቱ አራታችሁ ቁጭ ብላችሁ የተመዘገበውን ብታዩት «ጨዋታ ነው ወይስ ሕክምና?» የሚለው ክርክር ከስሜት ይወጣል።

የሚጥል በሽታዋንና የምትወስደውን መድኃኒት ቴራፒስቷ በዝርዝር ማወቅ አለባት። ሙዚቃ ራሱ የሚቀሰቅሰው ዓይነት አለ፤ በጣም ብርቅ ነው፣ አትፍሪው፤ ግን አንድ የተወሰነ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ልጅሽ ላይ እንግዳ ነገር ካያችሁ ለነርቭ ሐኪሟ ንገሩ። እነዚህ ልጆች ሲደሰቱም ሲጨናነቁም ትንፋሻቸው ሊቆራረጥ ወይም ሊፈጥን ስለሚችል፣ ከልክ ያለፈ ደስታም ዕረፍት ይፈልጋል። ፊቷን ካዞረች፣ እጆቿን የምታሽበት ፍጥነት ከጨመረ፣ «በቃኝ» ማለቷ ሊሆን ይችላል። እሱም መልስ ስለሆነ ይከበርላት።

አሁን ወደ ቤት። በቀን አሥር ደቂቃ፣ መድኃኒትም ልብስ መቀየርም በሌለበት ሰዓት፣ ፊት ለፊቷ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሁን። አንድ አጭር ዜማ ምረጪ፤ ሁልጊዜ ያችኑ። ድምፄ አያምርም ብትዪ እንኳ እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ የምታውቀው ድምፅ ነው፤ ማንም ቴራፒስት ይህን ሊያመጣላት አይችልም። ሁለት ሦስት ጊዜ ዘፍነሽ በመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርሺ አቁሚ። ከዚያ በልብሽ እስከ ሃያ ቁጠሪ። ስሟን አትጥሪ፣ «በይ» አትበዪ፣ እጇን አታንሺላት። ፊትሽን ብቻ ስጪያት። ሃያ ቁጥር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያን ጊዜ ታያለሽ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አሥራ ሁለት ላይ አፌን ያሳክከኝ ነበር። እጇ ማሸቱን ቢያቆም፣ ዓይኗ ቢነሳ፣ ትንፋሿ ቢለወጥ መልስ ነውና ዜማውን ጨርሺላት። ምንም ባይመጣም በሐዘን ሳይሆን እንዲሁ በለስላሳው ጨርሺውና ዝም ብለሽ አብረሻት ተቀመጪ።

ይህ ግን ሌላ የቤት ሥራ እንዳይሆንብሽ። የደከመሽ ቀን ተዪው። ከልጅሽ ምንም ሳትፈልጊ አብረሻት የተቀመጥሽበት የመጨረሻው ጊዜ መቼ ነበር? መልሱ ካስለቀሰሽ አሥሩን ደቂቃ ያለ ዜማ ጀምሪው።

ለቴራፒስቷም ውጭ መጠበቅ እንደከበደሽ ንገሪያት። ቅናቱን ባትነግሪያትም «ከውስጥ ሆኜ መማር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። መጀመሪያ ጥግ ላይ ተቀመጪ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አጠገቧ፤ ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ፣ እሷ ትምታ፣ አንቺ አቁሚና ጠብቂ። ጥሩ ቴራፒስት ከሆነች ደስ ይላታል፤ ልጅሽ ከእሷ ጋር ያገኘችውን ነገር ይዛ ወደ ቤት ብትገባ ምኞቷ ነው።

የቀረው ባለቤትሽ ነው። «ጨዋታ» የሚለው ቃል ውስጥ የምሰማው ንቀት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ከልጁ ላይ ሲወሰድ ያየ አባት ነው፤ አሁን እግሯንም እንዳያጣ አጥብቆ ይዟል። እሱን ለማሳመን አትከራከሪ። «ያንን ጀርባ አብረን እንጠብቀዋለን» በዪው አስቀድመሽ፤ ፊዚዮቴራፒው እንደማይነካ ከአፍሽ ይስማ። ከዚያ «አንተ ልጃችን ላይ ምን ብታይ ደስ ይልሃል?» ብለሽ ጠይቂውና መልሱን ሳታቋርጪ ስሚ። ምናልባት እሱም ሌሊት የሚያስባት አንዲት ነገር አለችው፤ ላንቺ ያልነገረሽ።

በሚቀጥለው ሰዓት ቴራፒስቷን አስፈቅደሽ አምስት ደቂቃ በስልክሽ ቅረጪ። ልጅቷ ተኝታ፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ አሳዪው። መጀመሪያ ግን ድምፁን አጥፊው። ዘፈኑን ከሰማ ዘፈን ያያል፤ ያለ ድምፅ ከሆነ እጆቿን ያያል፤ መታሸት የሚያቆሙበትን ቅጽበት፣ ክርኗ የሚነሳበትን ቅጽበት። «አየህ?» አትበዪው። እሱም የሃያ ቁጥር ጊዜ ይሰጠው።